ሲሊ ላቭ ሶንግስ

«ሲሊ ላቭ ሶንግስ» (ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጅላጅል የፍቅር ዘፈኖች» እንደ ማለት ነው) እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ፖል ማካርትኒ ከባለቤቱ ከሊንዳ ጋር የደረሰውና ዊንግስ የተባለው ባንዱ የተጫወተው የፖፕ ነጠላ ዜማ ነው። በአሜሪካ ኤፕሪል 1 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. (መጋቢት 23 ቀን 1968 ዓ.ም.)፣ በብሪታንያ ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ወጣ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ዘፈኑ በአሜሪካ የቢልቦርድ መጽሔት ሰንጠረዥ ላይ ለ5 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ዓመቱ ሲጠቃለልም መጽሔቱ ከ1976 ነጠላ ዜማዎች ሁሉ ቀዳሚ አድርጎ አስቀመጠው። በብሪታንያ እስከ 2ኛ ደረጃ ደርሷል። በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የሚነሳው ግን ብዙ በመሸጡ ብቻ አይደለም። የፍቅር ዘፈን ሆኖ ሳለ በዋናነት የሚናገረው ስለ ሃያስያን ነው። ማካርትኒ «የሚጽፈው ክብደት የሌለው፣ ስኳር የበዛበት የፍቅር ዜማ ብቻ ነው» የሚል ወቀሳ ለዓመታት ሲሰማ ከቆየ በኋላ፣ ስድቡን ሳያስተባብል ወስዶ የዘፈኑ ርዕስ አደረገው።

የወቀሳው መነሻ

ቢትልስ በ1970 ሲበተኑ ሥራቸው በሰዎች አእምሮ ውስጥ ለሁለት ተከፈለ። ጆን ሌነን እውነትን የሚናገረውና የሚያምፀው ሰው ተባለ፤ ማካርትኒ ደግሞ ጆሮ የሚያስደስት ዜማ የሚያወጣው ሰው ሆነ። ክፍፍሉ ትክክል አልነበረም። ብቸኝነትን በጥልቀት የሚያሳየውን «ኤሊኖር ሪግቢ»ን በዋናነት የጻፈው ማካርትኒ ነው፤ ከቢትልስ ዘፈኖች ሁሉ ጩኸት ከበዛባቸው አንዱ የሆነው «ሄልተር ስኬልተር»ም የእርሱ ነው። ቢሆንም አንድ ጊዜ የተለጠፈ ስም በቀላሉ አይላቀቅም።

ጊዜውም ለቀላል ዘፈን የሚመች አልነበረም። የቬትናም ጦርነት አላበቃም፤ ወጣቱ በፖለቲካ ተጠምዷል። በ1967 የተመሠረተውን ሮሊንግ ስቶንን የመሳሰሉ መጽሔቶች ሮክን እንደ ቁም ነገረኛ ጥበብ መመዘን ጀምረው ነበር። በነዚህ ገጾች ላይ የሚጽፉ ሃያስያን ከአንድ የቀድሞ ቢትል የሚጠብቁት ስለ ዓለም ሁኔታ የሚናገር ሥራ ነበር። ማካርትኒ ግን ስለ እርሻ ኑሮ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ይዘፍን ነበር። በ1971 «ራም» የተሰኘው አልበሙ ሲወጣ የሮሊንግ ስቶኑ ሃያሲ ጆን ላንዳው ክፉኛ ነቀፈው። በዚያው ዓመት መስከረም አካባቢ ሌነን «ኢማጂን» በተሰኘው አልበሙ ውስጥ «ሃው ዱ ዩ ስሊፕ?» የሚል ዘፈን አካትቶ የቀድሞ ጓደኛውን በስም ሳይጠራ በግልጽ አላገጠበት፤ ጊታሩን የተጫወተለትም ሌላው የቀድሞ ቢትል ጆርጅ ሃሪሰን ነበር። የሚገርመው፣ ያው አልበም የሚያበቃው ሌነን ለባለቤቱ ለዮኮ በዘፈነው ጨዋታ የበዛበት የፍቅር ዘፈን ነው። ለአንዱ ቅንነት የተባለው ለሌላው ልፍስፍስነት ተብሎ ተቆጠረ ማለት ነው።

ማካርትኒ ፖለቲካን ጨርሶ አልሞከረም ማለትም አይቻልም። በጃንዋሪ 1972 በሰሜን አየርላንድ ዴሪ ከተማ የብሪታንያ ወታደሮች ሰልፈኞችን ከገደሉ በኋላ «ጊቭ አየርላንድ ባክ ቱ ዚ አይሪሽ» የሚል ነጠላ ዜማ በፍጥነት ቀርጾ አወጣ። ቢቢሲ ዘፈኑ እንዳይተላለፍ አገደ። ቀጥሎ ያወጣው ነጠላ ዜማ «ሜሪ ሃድ ኤ ሊትል ላም» ሲሆን፣ የታወቀ የሕፃናት መዝሙር ግጥም ላይ የተሠራ ነው። ይህም ለሚያላግጡበት ሃያስያን ሲሳይ ሆነላቸው።

ሌላው የወቀሳው ኢላማ ሊንዳ ነበረች። ሙያዋ ፎቶግራፍ ነው፤ የሙዚቃ ትምህርት አልነበራትም። ባሏ ዊንግስን ሲመሠርት ኪቦርድ እንድትጫወትና ድምፅ እንድትቀበል አስገባት። ተቺዎች ይህን እንደ ቤተሰብ አድልዎ አዩት፤ አንዳንዶቹ የጻፉት ከሙዚቃ ትችት አልፎ ወደ ተራ ንቀት የሚጠጋ ነበር።

በዲሴምበር 1973 የወጣው «ባንድ ኦን ዘ ረን» ነገሩን ለጊዜው አለዘበው። «ራም»ን ያጣጣለው ላንዳው ራሱ አዲሱን አልበም በአድናቆት ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የመጣው «ቪነስ ኤንድ ማርስ» በ1975 ብዙ ቢሸጥም የድሮው ጥርጣሬ ተመልሶ መጣ። «ሲሊ ላቭ ሶንግስ» የተጻፈው በዚህ መሐል ነው።

ጽሕፈትና ቀረጻ

በ1975 መጨረሻ ላይ ዊንግስ በአውስትራሊያ የሙዚቃ ጉዞ አድርገው ሲመለሱ ወደ ስቱዲዮ ገቡ። ዘፈኑ የተቀረጸው በጃንዋሪ 1976 ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲሆን፣ «ዊንግስ አት ዘ ስፒድ ኦፍ ሳውንድ» የተሰኘው አልበም አካል ነው። በወቅቱ ባንዱ አምስት አባላት ነበሩት፦ ማካርትኒ፣ ሊንዳ፣ ዴኒ ሌን፣ ወጣቱ ጊታሪስት ጂሚ ማክሎክና አሜሪካዊው ከበሮ መቺ ጆ ኢንግሊሽ። በአልበሙ ውስጥ አምስቱም ቢያንስ አንድ ዘፈን በዋና ድምፃዊነት ተጫውተዋል። ሐሳቡ ባንዱ የአንድ ሰው አጃቢ አለመሆኑን ማሳየት ነበር። ብዙ ሃያስያን ግን አልበሙ የተዳከመው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ጽፈዋል።

የሸክላው ሁለተኛ ገጽ «ኩክ ኦፍ ዘ ሃውስ» ይባላል። ዘፋኟ ሊንዳ ናት፤ ዘፈኑ የሚከፈተው ምጣድ ላይ ምግብ ሲጠበስ በሚሰማ ድምፅ ነው። ስለ ማድ ቤት የሚያወራው ይህ ዘፈን «ሊንዳ ምን ልትሠራ ባንዱ ውስጥ ገባች?» ለሚሉት ሰዎች የተወረወረ ሁለተኛ ቀልድ አድርጎ መስማት ይቻላል። ያም ሆነ ይህ፣ ሸክላውን የገዛ ሰው በአንዱ ገጽ ባልን በሌላው ሚስትን ያገኛል፤ ሁለቱም ሲወቀሱበት ስለኖሩት ነገር ይዘፍናሉ።

ማካርትኒ በኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች የዘፈኑን ዓላማ አልደበቀም። የፍቅር ዘፈን የሚጽፍ ሰው ልፍስፍስ ነው መባሉን ደጋግሞ እንደሰማ፣ እርሱ ግን ፍቅርን እንደ ልፍስፍስ ነገር እንደማያየው፣ ዘፈኑንም ለዚህ መልስ አድርጎ እንደጻፈው ተናግሯል።

የዘፈኑ አሠራር

ዘፈኑ ወደ 6 ደቂቃ ይጠጋል፤ ለሬዲዮ ነጠላ ዜማ ረዥም ነው። የሚጀምረው በመዝሙር ወይም በጊታር ሳይሆን እንደ ፋብሪካ ማሽን በሚንኳኳ ተደጋጋሚ ድምፅ ነው። ይህም ከቀልዱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ የፍቅር ዘፈን ከማምረቻ መስመር ላይ ሲወጣ የሚሰማ ይመስላል። ከዚያ ቤዝ ጊታሩ ይገባል፤ ጨዋታውም ይቀየራል።

በአብዛኛው የፖፕ ሙዚቃ ውስጥ ቤዝ ጊታር ከታች ሆኖ ምቱንና ሐርመኒውን የሚያያይዝ መሣሪያ ነው፤ አድማጭ ሲጎድል እንጂ ሲኖር ብዙም አያስተውለውም። እዚህ ግን ቤዙ ከፊት ቆሟል። ማካርትኒ የሚጫወተው መስመር ከስር እየዘለለ፣ ራሱን የቻለ ዜማ እያወጣ ከድምፁ ጋር ይፎካከራል። በቀረጻውም ድምፁ ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጓል። ግጥሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን የቤዝ መስመር በአፉ ሊያንጎራጉረው ይችላል። የኢንግሊሽ ከበሮ ወጥና ለዳንስ የሚመች ነው፤ 1976 ዲስኮ ወደ ሰንጠረዡ አናት የወጣበት ዘመን ስለነበር ዘፈኑ የዚያን ጊዜ ጣዕም አለው። በላዩ ላይ ባለ አውታር መሣሪያዎችና አራት የትንፋሽ ተጫዋቾች አሉ፦ ቶኒ ዶርሲ በትሮምቦን፣ ስቲቭ ሃዋርድ በትራምፔት፣ ታዴየስ ሪቻርድና ሃዊ ኬሲ በሳክስፎን። ኬሲ ማካርትኒን ከሊቨርፑልና ከሃምቡርግ የምሽት ክበቦች ዘመን ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ነበር።

ግጥሙ አጭር ነው። ዘፋኙ ሰዎች የፍቅር ዘፈን በዝቷል ይላሉ ብሎ ይጀምርና፣ ዙሪያውን ሲያይ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ቢበዛስ ምን ክፋት አለው ብሎም ይጠይቃል። ክርክሩ ከዚህ አይዘልም። አንባቢ ይህን በወረቀት ላይ ቢያገኘው መልስ መሆኑን እንኳ ይጠራጠር ይሆናል፤ ምክንያቱም ማስረጃ አያቀርብም፣ ተቃዋሚውንም አይረታም።

እውነተኛው መልስ ያለው በዘፈኑ የኋለኛ ክፍል ነው። በዚያ ሦስት የተለያዩ ዜማዎች፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቃል ይዘው፣ በአንድ ጊዜ ይዘፈናሉ። አንዱ ድምፅ ፍቅርን ለመግለጽ በየቋንቋው ከሁሉ በላይ የሚነገረውን አጭር ሐረግ ከመደጋገም በቀር ሥራ የለውም። ሁለተኛው ስሜቱን ማስረዳት አለመቻሉን ይናገራል። ሦስተኛው ስለሚወዳት ሰው እንዴት እንደሚያወራ ይጠይቃል። ይህ ተቀባዮች የዋናውን ዘፋኝ ቃል ተከትለው ከሚመልሱበት አዘፋፈን የተለየ ነው። ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ሦስቱ መስመሮች እየተጠላለፉ ይሄዳሉ እንጂ አይጋጩም። በአውሮፓ ጥንታዊ ሙዚቃ ካውንተርፖይንት የሚባለው ይህ ዘዴ ከባድ ስሌት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ዜማ ለብቻው መቆም መቻል አለበት፣ ሲደራረቡም በየምቱ መስማማት አለባቸው። ከሦስቱ ድምፆች መካከል የሊንዳ በግልጽ ይለያል።

እንግዲህ በዘፈኑ ውስጥ የተናቀው ነገር ሁሉ ሳይደበቅ ቀርቧል፦ ያረጀው ሐረግ፣ ቀላሉ ስሜት፣ ያልሠለጠነው የሚስቱ ድምፅ። ያልቀለለው አሠራሩ ብቻ ነው። ቃሉን ያነበበ ሃያሲና ቤዙን የሰማ አድማጭ ስለ አንድ ዘፈን ሁለት የማይገናኝ ፍርድ ቢሰጡ አይደንቅም።

የሽያጭ ውጤት

ዘፈኑ በሜይ 1976 በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ላይ ወጣ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ የዳያና ሮስ «ላቭ ሃንግኦቨር» አወረደው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ተመልሶ ለተጨማሪ 4 ሳምንታት ቆየ። ማካርትኒ ከቢትልስ በኋላ አንደኛ የወጣበት አምስተኛው ነጠላ ዜማ ነው። የቢልቦርድ የዓመት ማጠቃለያ ላይ «አይ ዋንት ቱ ሆልድ ዩር ሃንድ» በ1964፣ «ሄይ ጁድ» በ1968 ቀዳሚ ሆነው ስለነበር፣ ማካርትኒ በሁለት የተለያዩ ባንዶች የዓመቱን አንደኛ ቦታ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አልበሙም በአሜሪካ በድምሩ ለ7 ሳምንታት አንደኛ ነበር።

ጊዜውም ረድቶታል። ቢትልስ በኦገስት 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የመጨረሻውን የአሜሪካ ኮንሰርታቸውን ካቀረቡ ወዲህ ማካርትኒ በዚያች አገር መድረክ ላይ አልዘፈነም ነበር። ሜይ 3 ቀን 1976 በቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ከተማ የተጀመረው የዊንግስ ጉዞ ይህን አሥር ዓመት የተጠጋ ክፍተት ዘጋ። ታይም መጽሔት ምስሉን በወሩ መጨረሻ በወጣው እትሙ ሽፋን ላይ አወጣው። በየስታዲየሙ የሚሰበሰበው ሕዝብ ይህን ዘፈን በየዕለቱ ከሬዲዮ እየሰማ ነበር የሚመጣው።

የሃያስያን አቀባበል

የሮሊንግ ስቶኑ ስቲፈን ሆልደን ዘፈኑን ብልህ መልስ አድርጎ ተመለከተው፤ ነጥቡም ተገቢ መሆኑን ተቀበለ። ስለ አልበሙ በአጠቃላይ ግን ብዙዎች ያን ያህል ደስተኛ አልነበሩም። አለባብሶ የቀረበ፣ ምቾት የበዛበት፣ ከ«ባንድ ኦን ዘ ረን» የወረደ ሥራ ተደርጎ ታየ። ነጠላ ዜማውን የማይወዱትም ቀላል የማይባል መከራከሪያ ነበራቸው። ዘፈኑ ራሱን «ጅል» ብሎ በመጥራት ትችትን አስቀድሞ ያመክናል፤ ጅል ነው የሚል ሃያሲ ዘፈኑ ያመነውን ከመድገም ያለፈ ነገር አይናገርም። ይህ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን አንድ ሥራ ጉድለቱን ስላወቀ ብቻ ጉድለቱ አይጠፋም።

የሽያጩ ቁጥርም ክርክሩን አይዘጋም። ደጋፊዎቹ ብዙ ጊዜ «ሕዝቡ ፈርዷል» ይላሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በዚያው ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው ዘፈን ግን አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ በዳክዬ ድምፅ የሚቀልድበት «ዲስኮ ዳክ» ነበር። በዓመቱ ማጠቃለያ 2ኛ የሆነውም የኤልተን ጆንና የኪኪ ዲ «ዶንት ጎ ብሬኪንግ ማይ ሃርት» ነው፤ እርሱም ጨዋታ የበዛበት የፍቅር ዘፈን ነው። የ1976 አድማጭ እንዲህ ያለ ነገር ይፈልግ እንደነበር ከዚህ ይታወቃል፤ የትኛው የተሻለ እንደተሠራ ግን አይታወቅም።

ሃያስያን ቀላል የፍቅር ዘፈንን ሁልጊዜ አልናቁም። በዲሴምበር 1963 የለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ የክላሲካል ሙዚቃ ሃያሲ ዊልያም ማን ስለ ቢትልስ የጻፈው ግምገማ ይታወሳል። የልጃገረዶች ጩኸት ብቻ ይቀርብላቸው የነበሩትን የፍቅር ዘፈኖች እንደ ከባድ ሙዚቃ ኮርድ በኮርድ ተነተናቸው። ማን ያደረገው ግጥሙን ትቶ አሠራሩን ማዳመጥ ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ የሮክ ሃያስያን በአመዛኙ ከሥነ ጽሑፍና ከፖለቲካ በኩል የመጡ ስለነበሩ ሚዛናቸው የቃሉ ቁም ነገር ነበር። በዚያ ሚዛን «ሲሊ ላቭ ሶንግስ» ሊከብድ አይችልም።

በኋለኞቹ ዓመታት

ዘፈኑ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኖቬምበር 1976፣ ሴክስ ፒስቶልስ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸውን አወጡ። ፓንክ ሲመጣ ለዊንግስ ዓይነት ሙዚቃ የነበረው ንቀት ባሰ። በ1984 ማካርትኒ ዘፈኑን «ጊቭ ማይ ሪጋርድስ ቱ ብሮድ ስትሪት» ለተሰኘው ፊልሙ እንደገና ቀረጸው፤ በዚህኛው ቅጂ ቤዙን የተጫወተው ከብራዘርስ ጆንሰን ሉዊስ ጆንሰን ነበር። ፊልሙ በሃያስያን ዘንድ ወደቀ፤ አዲሱ ቅጂም ከመጀመሪያው ጋር የሚወዳደር አልሆነም።

የተለየ ግንዛቤ የመጣው ባልተጠበቀ በኩል ነው። በ1996 ሬድ ሃውስ ፔይንተርስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ፣ በዝግታና በሐዘን ዜማዎቹ የሚታወቅ ሆኖ ሳለ፣ ዘፈኑን ከ10 ደቂቃ በላይ ወደሚፈጅ በጊታር የተጫነ ትካዜ ለወጠው። ቀልዱ፣ ዲስኮውና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሁሉ ሲወጡ ዜማው ብቻውን ቀረ፤ ግን አልፈረሰም። በ2001 ባዝ ሉርማን «ሙላን ሩዥ!» በተሰኘው ፊልሙ ሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት ስለ ፍቅር በሚከራከሩበት የዘፈኖች ቅንጥብጣቢ ውስጥ አስገባው። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ተከታታይ «ግሊ»ም በፌብሩዋሪ 2011 ያሳየውን አንድ ክፍል በዘፈኑ ርዕስ ሰይሞታል።

በትችቱም ዓለም ሚዛኑ ተለወጠ። በ2004 ከለፋ ሳኔ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሮክን ብቻ እንደ እውነተኛ ሙዚቃ ቆጥሮ ፖፕንና ዳንስን የሚያጣጥለውን አስተሳሰብ ነቀፈ። ካናዳዊው ሃያሲ ካርል ዊልሰን በ2007 ስለ ሴሊን ዲዮን አንድ አልበም ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ፣ ስሜታዊ የፍቅር ዘፈንን የምንንቀው በጥራቱ ነው ወይስ በሚወዱት ሰዎች ማንነት የሚለውን ጥያቄ አነሳ። በዚህ መንፈስ ያደጉ ሃያስያን የማካርትኒን የ1970ዎቹ ሥራዎች መልሰው አዳመጡ፤ «ራም» ዛሬ ከምርጥ አልበሞቹ መካከል ይቆጠራል። «ሲሊ ላቭ ሶንግስ»ንም የፖፕማተርሱ ጆን በርግስትሮምን የመሰሉ ጸሐፊዎች የዘመኑ የፖፕ ቅንብር ጥሩ ምሳሌ አድርገው ጠቅሰውታል። የማይወዱት ግን ዛሬም አሉ፤ ስድስት ደቂቃው ረዘመባቸው፣ ጣፋጭነቱም በዛባቸው።

ዊንግስ በ1981 ተበተኑ። ሊንዳ ማካርትኒ ኤፕሪል 17 ቀን 1998 በጡት ካንሰር ሞተች። ዘፈኑ «ዊንግስ ግሬተስት» (1978)፣ «ኦል ዘ ቤስት!» (1987)፣ «ዊንግስፓን» (2001) እና «ፒዩር ማካርትኒ» (2016) በተሰኙት የምርጥ ሥራዎች ስብስቦች ውስጥ ይገኛል።